ምዕራፍ ስድስት፦ ልጁ ያቃተው ምንድን ነው?

በደቡብ ኦሞ፣ ጂንካ አቅራቢያ ወይም ዲመካ ባለ አንድ የሁለተኛ ክፍል ውስጥ አራት ልጆች ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ዓረፍተ ነገር ማንበብ አቃታቸው እንበል። የመጀመሪያው አፉን የፈታው በኛንጋቶምኛ ነው፤ አማርኛ የሰማው ትምህርት ቤት ከገባ ወዲህ ነው። ሁለተኛዋ ጆሮዋ ከሕፃንነቷ ጀምሮ መግል ይወጣዋል፤ መምህሩ ፊቱን ወደ ሰሌዳው ባዞረ ቁጥር የሚለው አይሰማትም። ሦስተኛው አማርኛውን አቀላጥፎ ይናገራል፣ ዓይኑም ጆሮውም ደህና ነው፣ ተረት ሲያወራ ጓደኞቹ አፋቸውን ከፍተው ይሰሙታል፤ ፊደል ፊት ሲቀርብ ግን ይጠፋበታል። አራተኛዋ ስሟ ሲጠራ አትዞርም፣ ከእኩዮቿ ጋር አትጫወትም፣ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ መደብደብ ሲጀምር ጆሮዋን ይዛ ትጮኻለች።

በውጤት መዝገቡ ላይ በአራቱ መካከል ልዩነት የለም። ሁሉም የንባብ ውጤታቸው ዝቅተኛ ነው፤ «አይገባቸውም» ይባላሉ። ዓመቱ ሲያልቅ ደጋሚ ይሆናሉ፣ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው መንገድ ያንኑ ይማራሉ፣ ከዚያ አንድ ቀን ይቀራሉ። የመጀመሪያው የሚፈልገው ቋንቋ ነበር፤ ሁለተኛዋ ሕክምና፤ ሦስተኛው ሌላ የንባብ አስተማመር፤ አራተኛዋ ደግሞ ጸጥታ፣ ሥርዓትና የሚገባት አነጋገር። ደጋሚ መሆን ለአራቱም የሰጣቸው ነገር የለም።

ስለዚህ ልጅን መርዳት የሚጀምረው ያቃተውን ነገር ለይቶ ከማወቅ ነው። ከጂንካ እስከ አዲስ አበባ ወደ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ኦሞራቴ ወይም ሳላማጎ ላለች እናት ደግሞ ከዚያም ይርቃል። የሕፃናት የአእምሮ ሕክምና ያለው በዚያ ማዶ ነው። ልጁ ግን ዛሬ እዚህ ነው። ከእሱ ጋር የሚውሉት እናቱ፣ መምህሩና የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናቸው፤ ብዙውን ነገር መለየት፣ ብዙውንም መርዳት የሚችሉት እነሱ ናቸው። ይህ ምዕራፍ የተጻፈው ለእነሱ ነው።

ቋንቋው ነው ወይስ ልጁ?

በደቡብ ኦሞ ምድር 16 ብሔረሰቦች ይኖራሉ። የአሪ፣ የሐመር፣ የበና፣ የካሮ፣ የማሌና የዲሜ ቋንቋዎች ኦሞአዊ ናቸው፤ ዳሰነች፣ ኤርቦሬና ፀማይ ኩሻዊ ናቸው፤ ሙርሲና ቦዲ ከሱርማዊ፣ ኛንጋቶም ደግሞ ከናይሎአዊ ወገን ይመደባሉ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው መማር እንዳለበት ቢደነግግም በአካባቢው ባሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ልጁ ከፊደል ጋር የሚተዋወቀው በአማርኛ ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ምሳሌ እንየው። በአማርኛ «ጠፋ» እና «ተፋ» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ልዩነታቸውን የያዘው «ጠ» ከጉሮሮ ተገፍቶ የሚወጣ ድምፅ መሆኑ ነው። ከኬንያው ቱርካና ጋር የሚቀራረበው ኛንጋቶምኛ እንዲህ ያሉ ድምፆች የሉትም። ስለዚህ የኛንጋቶም ልጅ «ጠ»ን በ«ተ»፣ «ቀ»ን በ«ከ» ቢለውጥ ጆሮው በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተማረውን እየሠራ ነው። እንደዚህ ያለው ስሕተት የአእምሮ ችግር ምልክት አይደለም፤ ጊዜና ልምምድ ያስተካክለዋል።

ዕድሜም እንዲሁ ያሳስታል። በአርብቶ አደሩ አካባቢ ልጅ ትምህርት የሚጀምረው ዘግይቶ ሊሆን ይችላል፤ በድርቅ ጊዜ ከብቱን ተከትሎ ወደ ውሃና ወደ ግጦሽ ይሄዳል፤ ሲመለስ ክፍሉ ብዙ ምዕራፍ አልፎታል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሁለተኛ ክፍል መገኘቱ ስለ አእምሮው የሚናገረው ነገር የለም።

የማስተማሩ ድርሻም መረሳት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ በተካሄደው የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከአንድ ክፍል ሲሶው ማንበብ ካቃተው መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት መጽሐፉ፣ ሰዓቱና የማስተማሪያ ዘዴው ነው።

ታዲያ እንዴት ይለያል? ጥያቄውን ልጁ በሚያውቀው ቋንቋና በሚያውቀው ነገር መጠየቅ ነው። ጃፓናዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ካትሱዮሺ ፉኩይ በቦዲ፣ እንግሊዛዊው ዴቪድ ተርተን ደግሞ በሙርሲ ዘንድ ለዓመታት ኖረው ሕዝቡ የከብትን ቀለምና ጥለት ለመለየት ያለውን የረቀቀ የስም ሥርዓት መዝግበዋል። በእነዚህ ማኅበረሰቦች ልጅ ይህን ሁሉ የሚማረው ያለ ደብተር ነው። ከመንጋው የጎደለችውን ላም በቀለሟና በቀንዷ የሚለይ፣ ሦስት መልእክት ተሰጥቶት ሦስቱንም አድርሶ የሚመለስ፣ የሰማውን ተረት ከነቅደም ተከተሉ የሚናገር ልጅ ያስታውሳል፣ ይመድባል፣ ያስባል ማለት ነው። ያቃተው ነገር ካለ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው የሚፈለገው። ቤትም ውስጥ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋውም፣ በእኩዮቹ ልክ መሥራት የሚያቅተው ልጅ ግን ሌላ ዓይነት ድጋፍ ይሻል። ስለዚህ መምህሩ ወላጅን ሊጠይቅ የሚገባው ትልቁ ጥያቄ «ቤት ውስጥስ እንዴት ነው? ከወንድሞቹና ከእኩዮቹ ጋር ሲተያይስ?» የሚለው ነው። መልሱን የሚያውቁት እናት ናቸው።

ጆሮ፣ ዓይንና ትኩሳት

ሁለተኛው ፍተሻ አካላዊ ነው። የጆሮ ኢንፌክሽን ሳይታከም ከቆየ የመስማት ኃይልን ይቀንሳል። በከፊል የሚሰማ ልጅ ከማይሰማው ይልቅ ያሳስታል፤ አንዳንዴ ይመልሳል፣ አንዳንዴ ዝም ይላል፣ ስለዚህ «ሲፈልግ ይሰማል» ይባላል። መምህሩ ከልጁ ጀርባ ሆኖ አፉን ሳያሳይ በዝግታ ቢጠራው ብዙ ነገር ይረዳል። ዓይንም እንዲሁ ነው፤ ከሰሌዳው የሚገለብጠው ሁሉ የተሳሳተ ልጅ ወደ ፊት መጥቶ ሲቀመጥ ከተስተካከለ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው።

በቆላው ወባ አለ። አንጎልን የነካ ከባድ ወባ ወይም ማጅራት ገትር ሕይወትን ቢምርም በመማር፣ በመናገርና በመስማት ላይ ጠባሳ ሊተው ይችላል። በወሊድ ጊዜ ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን፣ ብርቱ የአራስ ቢጫ በሽታ ሳይታከም የቀረበት ሕፃን፣ እናቱ በእርግዝና ጊዜ በቂ አዮዲን ያላገኘች ሕፃን እንዲሁ አእምሮው ሊጎዳ ይችላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው በደንብ የደነገገችው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ በጤና ተቋም መውለድ፣ የወባ አጎበር፣ ክትባትና አዮዲን ያለው ጨው የትምህርት ጉዳይም ናቸው።

የሚጥል በሽታ ደግሞ ለብቻው መነሣት አለበት። ልጅ ወድቆ ሲንፈራገጥ ሰው ሁሉ ያያል፤ ነገር ግን ልጁ በድንገት ለጥቂት ሰከንዶች ፈዝዞ፣ የያዘውን አቋርጦ፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ የሚቀጥልበት ዓይነትም አለ። በቀን ደጋግሞ ሲመጣበት ትምህርቱ ይቆራረጥበታል፤ መምህሩም በሐሳብ የነጎደ ይመስለዋል። የሚጥል በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በትንፋሽም በለሐጭም አይያዝም። ርካሽና የታወቁ መድኃኒቶች አሉት፤ በየቀኑ ሳይቋረጡ ከተወሰዱ በብዙዎች ላይ ይቆማል። ልጁን ከትምህርት ቤት ማስቀረት ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ፣ ቤትም ውስጥ ከምድጃው እሳት ማራቅ ነው የሚያስፈልገው።

ፊደል ፊት የሚደናገር ብሩህ ልጅ

እ.ኤ.አ. በኅዳር 1896 ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጻፈ። ፐርሲ ይባላል። ብልህ ነው፣ በጨዋታም ከእኩዮቹ አያንስም፣ ዓይኑ ደህና ነው፤ ለዓመታት ቢማርም ማንበብ ግን አልቻለም። ለዓመታት ያስተማረው መምህር ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ፐርሲ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ የላቀ ይሆን እንደነበር መስክሯል። ዛሬ ይህን የንባብ ችግር ዲስሌክሲያ እንለዋለን።

የመምህሩን ምስክርነት ጂንካ ላይ ሆኖ ለሚያነብ ሰው ትርጉሙ ብዙ ነው። ሕግ፣ ታሪክ፣ የዘር ሐረግ፣ የከብት ዕውቀት ሁሉ በቃል በሚተላለፍበት ማኅበረሰብ ውስጥ ፐርሲን የመሰለ ልጅ ምንም አይጎድለውም ነበር። ዲስሌክሲያ የሚታየው ንባብ የሚጠየቅበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ በቤተሰቡ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ማንበብ ሲያቅተው ወላጆቹ «እኛ ዘንድ ይህ የለም» ቢሉ እውነታቸውን ነው፤ ንባብ ስላልነበረ ችግሩም አልታየም። ዲስሌክሲያ በዘር የሚተላለፍ መሆኑ ግን በጥናት የታወቀ ነው፤ ከመቶ ልጆች ከአምስት እስከ አሥር የሚሆኑትን እንደሚነካም ይገመታል።

ምክንያቱ በአንጎል አሠራር ላይ ነው። ሰው መናገር የጀመረው ከጥንት ነው፤ ጽሕፈት ግን ከተፈጠረ 5,000 ዓመት ገደማ ብቻ ነው። አንጎል ለንባብ የተለየ ክፍል ይዞ አይወለድም፤ የማየትና የቋንቋ ክፍሎቹን አገናኝቶ ንባብን በልምምድ ይገነባል። ዲስሌክሲያ ባለበት ልጅ ድምፅን ከምልክት ጋር የሚያገናኘው መንገድ በቀላሉ አይሠራም። ከብልህነት ጋር የሚያያዝ ነገር የለውም፤ ከስንፍናም እንዲሁ።

በእኛ ፊደል ችግሩ የራሱ መልክ አለው። 33 ፊደላት በሰባት ቤት ተባዝተው 231 ቅርጾች ይሆናሉ። ተና ቸ፣ ነና ኘ፣ ዘና ዠ፣ ደና ጀ የሚለያዩት በትንሽ ጭረት ነው። ሳድሱ አንዳንዴ ድምፅ ይዞ ይነበባል፣ አንዳንዴ ይዋጣል። መጥበቅና መላላት አይጻፍም፤ «አለ» የሚለውን ሁለት ትርጉም ከዐውዱ እንጂ ከፊደሉ አናገኘውም። በሌላ በኩል እያንዳንዱ ምልክት አንድ ክፍለ ቃል መያዙና ቤቶቹ በአብዛኛው በሥርዓት መለወጣቸው ለሚቸገር ልጅ የሚያዝ ገመድ ይሰጠዋል፤ መምህሩ ያን ሥርዓት ካሳየው ማለት ነው።

ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው በዜማ ነው። ልጁ ሀ ሁ ሂን ከክፍሉ ጋር ሲያዜም አንዲት አያጎድልም። የኔታ ፊደሉን በስንጥር እያስነኩ፣ ወደ ጎንም ወደ ታችም እያስኬዱ የሚያስቆጥሩት በቃል ከማለት ይልቅ ማወቅን ለማረጋገጥ ነው። መምህሩም ፊደላቱን በትንንሽ ካርቶን ላይ ጽፎ፣ ቀላቅሎ፣ አንድ በአንድ ቢያሳይ ማን እንደሚያውቅና ማን እንደሚያዜም በአንድ ክፍለ ጊዜ ይለያል።

መርዳቱም ከዚያው ይጀምራል። 231ዱን በአንድ ጊዜ ከማስሸምደድ ጥቂት ፊደላትን ከነቤታቸው ማጥበቅ፤ ቃሉን በጭብጨባ ወደ ክፍለ ቃላት መስበር፤ ፊደሉን ድምፁን እያሰሙ በአሸዋ ላይ በጣት መጻፍ፤ የሚመሳሰሉትን በአንድ ቀን አለማስተማር፤ የተማረውን በየቀኑ ለአሥር ደቂቃ መመለስ። በዚህ መካከል የሳይንሱና የኅብረተሰብ ትምህርቱ ዕውቀት እንዳያመልጠው ጥያቄው ይነበብለት፣ መልሱንም በቃል ይስጥ። ልጁን ክፍሉ ፊት አቁሞ ጮክ ብለህ አንብብ ማለት ግን አያስተምረውም፤ ያሳፍረዋል እንጂ።

ሌላ ዓይነት አእምሮ

ኦቲዝም፣ የትኩረት ማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት፤ እነዚህ ሦስቱ እየተደባለቁ ይነገራሉ። በአንድ ልጅ ላይ አብረው ሊገኙ ቢችሉም አንድ አይደሉም።

ኦቲዝም ከልጅነት ጀምሮ የሚታይ የአንጎል እድገት ልዩነት ነው። ልጁ ከሰው ጋር የሚግባባበት መንገድ የተለየ ነው፤ አንዱ ዘግይቶ ይናገራል፣ አንዱ ጨርሶ አይናገርም፣ ሌላው ብዙ ይናገራል ግን የሰሚውን ፊት አያነብም። አንድን ነገር ደጋግሞ ማድረግ፣ የለመደው ሥርዓት ሲለወጥ መጨነቅ፣ ድምፅ፣ ብርሃን ወይም የልብስ ሸካራነት ከሌላው ሰው በላይ መሰማት የተለመዱ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንደነበረበት ይገምታል።

የትኩረት ማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር ያለበት ልጅ ተቀምጦ መቆየት፣ ተራውን መጠበቅ፣ የጀመረውን መጨረስ ያቅተዋል። ይህ ክፍል ውስጥ ብቻ ከሆነ ትምህርቱ አልገባው ወይም ርቦት ሊሆን ይችላል፤ ቤትም፣ ሜዳም፣ መንገድም ላይ እንዲሁ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ደግሞ መማርን፣ ራስን መርዳትንና ከሰው ጋር መኖርን በአጠቃላይ ያዘገያል፤ ልጁ ይማራል፣ የሚማረው ግን በዝግታ፣ በትንንሽ እርምጃና በብዙ ድግግሞሽ ነው።

ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ኦቲዝምን ገልጾ ከጻፈ በኋላ በአሜሪካ ለዓመታት ጥፋቱ በእናቶች ላይ ተጣለ፤ ልጃቸውን ስላላቀረቡ፣ ፍቅር ስለነፈጉ ነው ተባለ። ያን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1964 በመጽሐፉ የሞገተው በርናርድ ሪምላንድ ራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበር። ዛሬ ኦቲዝም በእናት አስተዳደግ እንደማይመጣ በእርግጠኝነት ይታወቃል። ሳይንስ በሠለጠነበት አገር ሐኪሞች ራሳቸው እናትን ከወቀሱ በኛ መንደር ጎረቤት እናትን መውቀሱ የተለየ ክፋት አይደለም፤ ስሕተቱ ግን ያው ነው፣ መታረምም አለበት።

በኢትዮጵያም መንገዱን የከፈቱት ወላጆች ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚቀበለው ትምህርት ቤት ሲያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በአገሪቱ የመጀመሪያው ነበር። ፊደልን ከአፍ ቅርጽና ከድምፅ ጋር እያገናኘ የሚያስተምረውን አቡጊዳ ፎነቲክስ ያሉትን ዘዴም አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ በየመድረኩ የተናገሩት ልጆቹ መደበቅ እንደሌለባቸው ነው። ቀጥሎም ሌሎች ወላጆች ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። እነዚህ ማዕከላት አዲስ አበባ ናቸው፤ ያረጋገጡት እውነት ግን የትም ይሠራል፦ አይማርም የተባለ ልጅ መንገዱ ሲገኝለት ይማራል።

«እርግማን ነው» ሲባል

በካሮ፣ በሐመርና በበና ዘንድ ሚንጊ የሚባል እምነት ነበር። የላይኛው ጥርሱ ከታችኛው ቀድሞ የበቀለ ሕፃን፣ መንታ ሆኖ የተወለደ፣ ወይም አስፈላጊው ሥርዓት ሳይፈጸም የተፀነሰ ሕፃን በሕዝቡ ላይ ድርቅና በሽታ ያመጣል ተብሎ ይፈራ ነበር፤ ሕይወቱንም ያጣ ነበር። ሚንጊ ስለ ኦቲዝም ወይም ስለ አእምሮ እድገት የተነገረ ነገር አይደለም፤ ሁለቱን ማደባለቅ ሕዝቡንም ልጆቹንም መበደል ነው። እዚህ ላይ የሚነሣው እምነቱ እንዴት እንደተለወጠ ስለሚያስተምር ነው።

ላሌ ላቡኮ የካሮ ተወላጅ ነው፤ ከሕዝቡ ቀድመው ትምህርት ቤት ከገቡት ወጣቶች አንዱም ነበር። ሚንጊ የተባሉ ሕፃናትን ከሽማግሌዎች እየለመነ ወሰደ፣ ኦሞ ቻይልድ በተባለው ድርጅት አማካይነት ጂንካ ላይ ቤት ተከፍቶላቸው አደጉ። ከሽማግሌዎቹ ጋር ለዓመታት ተነጋገረ። ልጆቹ አደጉ፣ ተማሩ፤ የተፈራው መቅሠፍት አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2012 የካሮ ሽማግሌዎች ልማዱ እንዲቀር ራሳቸው ወሰኑ። ለውጡን ያመጡት የሕዝቡ ልጅ፣ የሕዝቡ ሽማግሌዎችና በዓይን የታዩ ልጆች ናቸው።

ልጅ ላይ የሚታይን ልዩነት ከመንፈስና ከእርግማን ጋር ማያያዝ የደቡብ ኦሞ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በአዲስ አበባ፣ በየካቲት 12 እና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የአእምሮ እድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች ይዘው በመጡ 102 አሳዳጊዎች ላይ የተሠራ ጥናት ብዙዎቹ የሕክምና ምክንያትንና መንፈሳዊ ምክንያትን አብረው እንደሚያነሡ፣ መገለልም እንደሚደርስባቸው አሳይቷል። ጠበል መውሰድ፣ ማስጸለይ፣ ሽማግሌ ማስመረቅ ለቤተሰቡ ብርታት ከሆነ የሚከለከል ነገር አይደለም። ልጅን ማሰር፣ መደበቅ፣ መድኃኒቱን ማስጣል ግን ጉዳት ነው፤ ይህን ሽማግሌውም፣ ቄሱም፣ ፓስተሩም ሊሉት ይገባል። ከመምህርና ከሐኪም ይልቅ የሚሰማው የእነሱ ቃል ነውና።

ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ

የዓለም ጤና ድርጅት እድገታቸው የዘገየ ወይም ኦቲዝም ያለባቸውን ከ2 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች ለሚያሳድጉ ሰዎች ሥልጠና አዘጋጅቷል። ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት አለው። ሐኪም የሰጠው የበሽታ ስም አይጠይቅም፤ የሚያሠለጥኑትም ስፔሻሊስት ያልሆኑ ሰዎች መሆን ይችላሉ። በኢትዮጵያ በአማርኛ ተዘጋጅቶ በአዲስ አበባና በቡታጅራ አካባቢ ተሞክሯል። የሐሳቡ ኃይል ያለው ሕክምናውን ከቤት ሥራ ጋር ማዋሐዱ ላይ ነው፦ እናት አዲስ ሰዓት አይጠየቁም፣ ያላቸው ሰዓት የልጁ ትምህርት ይሆናል።

በአሪ ደጋ እንሰት ሲፋቅ፣ በሐመርና በበና የቡና ገለባው ፈልቶ በቅል ሲቀዳ፣ ልጁ ከእናቱ ጎን መቀመጥ ይችላል። እናት ከልጁ ዓይን ትይዩ ዝቅ ይበሉ፤ እሱ የሚያየውን ነገር አብረው ይዩ፣ በአንድ ወይም በሁለት ቃል ይጥሩት፤ «ውሃ»፣ «ውሃ ቅዳ»። ከዚያ ዝም ብለው ይጠብቁ። የማይናገር ልጅ ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል፤ እኛ ቸኩለን ከሞላንለት ዕድሉን ወሰድንበት። በጣት ቢጠቁም፣ እጅ ቢዘረጋ፣ ድምፅ ቢያሰማ ያ ንግግር ነው፤ ወዲያው ይመለስለት። ሁለት ነገር አሳይቶ ማስመረጥም መናገርን ይጠራል።

ልጁ ሲጮኽ፣ ሲናከስ ወይም ራሱን ሲመታ ከመቆጣት በፊት ሁለት ነገር ይታይ፦ ከዚያ በፊት ምን ሆነ? ከዚያ በኋላስ ምን አገኘ? የገበያው ጫጫታ ያስጮኸውን ልጅ ዱላ ጸጥ አያሰኘውም፤ ወደ ጥላ መውሰድ ግን ያረጋጋዋል። በጮኸ ቁጥር ዳቦ የሚሰጠው ልጅ ደግሞ መጮኽ ዳቦ መጠየቂያ መሆኑን ተምሯል፤ እጅ መዘርጋትን ይማር። አዲስ ሥራ ሲለማመድ ይከፋፈልለት፤ ልብስ መልበስን አንገት ማስገባት፣ አንድ እጅ፣ ሌላ እጅ እያሉ። አንዷን ሲችል ይመስገን፣ ከዚያ ቀጣዩዋ።

ለቤቱ ሳይናገር የሚኮበልል ልጅ ካለ ጎረቤቱ ሁሉ ይወቀው፤ ወንዙና መንገዱ አደገኛ ናቸው። እናትም ብቻቸውን አይሸከሙት። አባት፣ አያት፣ ታላቅ እህት ተራ ይግቡ። ተመሳሳይ ልጅ ካላቸው ሌሎች እናቶች ጋር በወር አንዴ ቡና መጠጣት በራሱ ብርታት ይሰጣል።

ክፍል ውስጥ

ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ያለ መምህር ለአንድ ልጅ ብቻ ጊዜ የለኝም ቢል እውነቱን ነው። ነገር ግን ለአንድ ልጅ ተብሎ የሚደረገው አብዛኛው ነገር ለሁሉም ይጠቅማል። ትእዛዝን አንድ በአንድ መስጠት፤ የዕለቱን ቅደም ተከተል በሰሌዳው ጥግ በሥዕል ማሳየት፤ ቁጥርን በጠጠርና በዱላ ማስቆጠር፤ አዲስ የአማርኛ ቃልን ልጆቹ በራሳቸው ቋንቋ እንዲሉት ማድረግ፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ እንዲነባበቡ ማጣመር። የአንድ ቋንቋ ተናጋሪ የሆነ ታላቅ ተማሪ ለመምህሩ አስተርጓሚ ለልጁ ደግሞ ጓደኛ ይሆናል።

የሚቅበጠበጠው ልጅ ጠመኔ እንዲያመጣ፣ ደብተር እንዲያድል፣ ሰሌዳ እንዲያጠፋ ይላክ፤ ሰውነቱ መንቀሳቀስን ይሻል፣ ሲንቀሳቀስ ይማራል። ድምፅ የሚያስጨንቃት ልጅ ከበሩ አጠገብ ትቀመጥ፤ ዝናቡ ሲበረታ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ወይም ወደ ቢሮው እንድትሄድ ቀድሞ ይፈቀድላት። በጆሮ የምትቸገረው ፊት ወንበር ላይ ትሁን፤ መምህሩም ወደ ተማሪው ዞሮ ይናገር። ለእነዚህ የሚወጣ ገንዘብ የለም።

ዱላና ስድብ ግን ይቁሙ። «ደደብ» የተባለ ልጅ ያን ቃል ከትምህርቱ ሁሉ ቀድሞ ይይዘዋል፤ ጓደኞቹም በሜዳው ላይ ይጠሩበታል።

ከወረዳው የሚጠበቀው

እስካሁን የተባለው ሁሉ ኃላፊነቱን ከመንግሥት ላይ ለማንሣት አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን እንዲደግፍ ያዛል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 አካቶ ትምህርትን መብት አድርጎታል። የትምህርት ሚኒስቴር የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ስትራቴጂ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጥቶ በ2012 ተሻሽሏል፤ ከ2016 እስከ 2025 የሚደርስ ማስተር ፕላንም ተከትሎታል። የአሠራሩ እምብርት የድጋፍ መስጫ ማዕከል ነው፦ በአንድ የጉድኝት ማዕከል ትምህርት ቤት ውስጥ የልዩ ፍላጎት መምህርና ቁሳቁስ ይኖራል፣ መምህሩም ወደ ሳተላይት ትምህርት ቤቶቹ እየዞረ ያግዛል።

ይህ አሠራር ለደቡብ ኦሞ ከየትም ይልቅ ይስማማል። መንደሮቹ የተራራቁ ናቸው፤ ልጁን ወደ ባለሙያው ከማምጣት ባለሙያውን ወደ ልጁ መላክ ይቀላል። የሚዞረው መምህር ግን ትራንስፖርትና ውሎ አበል፣ የአካባቢውን ቋንቋ የሚያውቅ ረዳት፣ ከጤና ጣቢያው ጋርም የተስማማ ቀን ሊኖረው ይገባል። በጤናው በኩልም ተስፋ አለ። በቀድሞው ደቡብ ክልል በሚሠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ስለ ልጆች እድገት ችግር አጭር ሥልጠና የወሰዱት ኦቲዝም ላለበት ልጅ ያላቸው አመለካከት ካልሠለጠኑት የተሻለ ነበር። ቤት ለቤት የምትዞረው ባለሙያ የተደበቀውን ልጅ ለማግኘት ከማንም ትቀርባለች። የጂንካ ዩኒቨርሲቲም በደጃፉ ያሉትን ቋንቋዎች የሚናገሩ ተማሪዎች አሉት፤ ለአሪኛ፣ ለሐመርኛ፣ ለዳሰነችኛ ተናጋሪ ልጆች የሚሆን ቀላል የማዳመጥ፣ የመናገርና የንባብ መለያ ማዘጋጀት ከማንም ይልቅ ይቀርበዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ማንኛውም ርዕሰ መምህር በዚህ ዓመት መጨረሻ ሊጀምረው የሚችል አንድ ሥራ አለ። የደጋሚዎች ስም ዝርዝር ከመጽደቁ በፊት በእያንዳንዱ ስም ጎን አምስት ጥያቄዎች ይመለሱ። ጆሮውና ዓይኑ ታይቷል? በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተጠይቋል? ፊደሉን ያለ ዜማና ያለ ቅደም ተከተል አንብቧል? ቤት ውስጥ ከእኩዮቹ ጋር ሲተያይ እንዴት እንደሆነ ወላጁ ተጠይቋል? ዘንድሮ የተሞከረለት የተለየ ዘዴ አለ? አምስቱም ካልተመለሱ የወደቀው ልጁ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ ስሙም ከዝርዝሩ ወጥቶ ወደ ፍተሻው መመለስ አለበት።